የኩርት ቫይልን ዘፈን በጃዝ ስንጫወት፦ ምኑ ይለወጥ፣ ምኑ ይቆይ?

ጥያቄ፦ «ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራምና ሳክስፎን ባለው ትንሽ ባንድ ውስጥ ዘፋኝ ነኝ። የጀርመን ተወላጁን የዜማ ደራሲ የኩርት ቫይልን ዘፈኖች በጃዝ ስልት ለማቅረብ አስበናል። ‹ማክ ዘ ናይፍ›ን ያወቅሁት በቦቢ ዳሪን ድምፅ ነው፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጭፈራ ዘፈን ይመስለኝ ነበር። የጀርመንኛውን ግጥም ትርጉም ሳነብ ግን የነፍሰ ገዳይ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ፒያኒስታችን ‹ጃዞቹ አበላሽተውታል፤ ወደ ዋናው እንመለስ› ይላል። ሳክስፎኒስታችን ደግሞ ‹ስታንዳርድ የሆነ፣ ሁሉም የጃዝ ባንድ የሚጫወተው ዘፈን ባለቤት የለውም፤ ደስ እንዳለን እንጫወተው› ባይ ነው። ማንኛቸው ናቸው ትክክል? ከየትኛው ዘፈን እንጀምር? ፈቃድስ ያስፈልገናል?»

ምላሽ፦ ሁለቱም ተሳስተዋል። ፒያኒስቱ የሳተው ታሪኩን ነው፤ ሳክስፎኒስቱ የሳተው ዘፈኑ የተሠራበትን መንገድ ነው። የሁለተኛው ስህተት መድረክ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ይሁን እንጂ ከታሪኩ ልነሣ፤ ያለ እሱ ሌላው ግልጽ አይሆንም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዋናው» ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ትልቅ ኦርኬስትራና የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ ነው። «ማክ ዘ ናይፍ» የወጣበት ተውኔት «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» ኦገስት 31 ቀን 1928 በርሊን ውስጥ በሺፍባወርዳም ቲያትር ለሕዝብ ሲቀርብ ያጀበው ግን ሉዊስ ሩት ባንድ የሚባል የዳንስ ባንድ ነበር። ጥቂት ሙዚቀኞች መሣሪያ እየቀያየሩ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ባንጆ፣ ሃርሞኒየምና ከበሮ ይጫወቱ ነበር። ከዘፈኖቹ አንዱ ታንጎ ነው፤ ሌላው ፎክስትሮት። ብዙዎቹ ዘፋኞችም ከኦፔራ ቤት ሳይሆን ከተውኔትና ከካባሬ መድረክ የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ሳክስፎን በዚህ ሙዚቃ ውስጥ በኋላ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ቫይል ራሱ በኖታ ጽፎ ያስገባው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ከመጀመሪያውም ጃዝ ነበር» ማለት ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ መውደቅ ነው። ቫይል በርሊን ላይ የፌሩቾ ቡሶኒ ተማሪ ነበር፤ ከባድ የኦርኬስትራና የኦፔራ ሥራዎችን የጻፈ፣ እያንዳንዱን መስመር በራሱ እጅ የሚያቀናብር ሰው ነው። በዚያ ተውኔት ውስጥ ሙዚቀኛው በቅጽበት የሚፈጥረው ሶሎ የለም፤ ሁሉም ተጽፏል። የዘመኑን የዳንስ ሙዚቃ የወሰደው አድማጩ በሚያውቀው ድምፅ የማያውቀውን ነገር ሊነግረው ስለፈለገ ነው። ኋላ አሜሪካ ገብቶ ለብሮድዌይ ሲሠራም ኦርኬስትራውን ለሌላ ሰው አሳልፎ አልሰጠም፤ በዚያ ገበያ ይህን የሚያደርግ የዜማ ደራሲ እጅግ ጥቂት ነበር።

ፒያኒስትዎ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። ዘፈኖቹን ከተውኔቱ አውጥቶ በሌላ መልክ መጀመሪያ ካቀናበሩት አንዱ ቫይል ራሱ ነው፤ በ1929 መጀመሪያ ላይ ያለ ድምፃዊ፣ በትንፋሽ መሣሪያዎች የሚቀርብ የኮንሰርት ሥራ አድርጓቸዋል። ሌላው የሎቴ ሌንያ ነገር ነው። ሌንያ የቫይል ባለቤትና የዘፈኖቹ ዋና ዘፋኝ ነበረች። ዛሬ «ትክክለኛው የቫይል ድምፅ» እየተባለ የሚጠቀሰው ያ ወፍራምና ሻካራ ድምፅዋ ቫይል ከሞተ በኋላ፣ በ1950ዎቹ የተቀዳ ነው። በ1930 የተቀዳውን ቢሰሙ ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ የልጅ ሊባል የሚችል ድምፅ ያገኛሉ። በ1950ዎቹ ድምፅዋ ስለወረደ ኪዎቹም (ዘፈኖቹ የሚዘፈኑበት የድምፅ ከፍታ) አብረው ወርደዋል። «ወደ ዋናው እንመለስ» የሚል ሰው እንግዲህ የትኛው ሌንያ ጋር እንደሚመለስ መጀመሪያ መወሰን አለበት።

አሁን ወደ «ማክ ዘ ናይፍ» እንሂድ፤ ጉዳዩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እንደሚተረከው ዘፈኑ የገባው ተውኔቱ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የወንበዴውን የማኪትን ሚና የሚጫወተው ሃራልድ ፓውልሰን መግቢያዬ ላይ ስለ እኔ ይዘፈንልኝ ብሎ ጠየቀ። የተውኔቱ ደራሲ ቤርቶልት ብሬሽትና ቫይል ዘፈኑን ጻፉለት፤ ሆኖም ዘፋኙ እሱ አልሆነም። ለኩርት ጌሮን፣ የመንገድ አዝማሪ ሆኖ ለሚቀርበው ተዋናይ ሰጡት። የጀርመን መንገደኛ አዝማሪዎች በየገበያው በእጅ የሚዞር ኦርጋን እያሰሙ የግድያ ታሪክ የሚዘፍኑበት የቆየ ልማድ ነበራቸው፤ ቫይል የያዘው ያንን ነው። አዝማሪው ሳይደነግጥ፣ ሳያዝን፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ሬሳ ይቆጥራል።

ዜማውን እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ዐሥራ ስድስት ባር (የምት ክፍል) ብቻ ነው፤ ያው ዐሥራ ስድስት ባር እየተመላለሰ ይዘፈናል። የመነሻውን ድምፅ ዶ ብንለው፣ የመጀመሪያው ሐረግ ሚ፣ ሶል ብሎ ላ ላይ ይቆማል። ከሥሩ ያለው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ዶ ሜጀር ነው፤ ላ ደግሞ የዚያ ኮርድ አባል አይደለም፣ ስድስተኛው ድምፅ ነው። ዜማው ቤቱ አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ቀጥሎ ኮርዱ ወደ ሬ ማይነር ይሄዳል፣ ዜማው ግን እዚያው ላ ላይ እየተመለሰ ያርፋል፤ አሁን ያ ድምፅ የኮርዱ አባል ሆኗል። ዘፋኙ ሳይንቀሳቀስ ከሥሩ መሬቱ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። ይህ ለሕፃን የሚዘፈን የሚመስል፣ እንዲህ የቀለለ ዜማ ጆሮ ውስጥ አንዳች ያልተቋጨ ነገር እየተወ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የጃዝ ሙዚቀኞችም የወደዱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስድስተኛው ድምፅ ለነሱ የዕለት ቋንቋቸው ነው፣ ዐሥራ ስድስት ባርም ለሶሎ የተመቸ ልክ ነው።

ስለዚህ ጃዙ ዜማውን አላበላሸውም። የተለወጠው ግጥሙ ነው። ማርክ ብሊትስታይን ተውኔቱን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1954 ኒው ዮርክ ውስጥ ቴያትር ደ ሊስ በሚባለው ትንሽ መድረክ ላይ ሲቀርብ ዘፈኑ አዲስ ሕይወት አገኘ። በ1955 ሉዊ አርምስትሮንግ ሲቀዳው ሌንያ ራሷ ስቱዲዮ ውስጥ ነበረች፤ ስሟንም ከተውኔቱ ሴቶች ስም ጋር ቀላቅሎ ዘፈነው። ዳሪን በ1959 ያንኑ ተከትሎ ዘፈነ፣ ሳምንታትን የአሜሪካ ቁጥር አንድ ሆኖም ቆየ። ሁለቱም ቅጂዎች ውስጥ ግን ሶሆ ላይ በእሳት ስላለቁት ሕፃናትና ስለተደፈረችው ወጣት መበለት የሚናገሩት ስንኞች የሉም። ክፉዎቹ ስንኞች ሲወጡ የቀረው ደም የነካው ግን ዘናጭ የሆነ ወንበዴ ነው። እርስዎ የጭፈራ ዘፈን የመሰለዎት ጆሮዎ ስላታለለዎት አይደለም፤ እንዲያ ሆኖ ስለተቀናበረ ነው።

ዳሪንን ግን አልነቅፈውም። ቅንብሩን ልብ ብለው ያዳምጡት፤ ዝግ ብሎ፣ በቤዝና በቀላል ምት ይጀምርና ስንኝ ባለፈ ቁጥር ኪው በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ የናስ መሣሪያዎቹም (ትራምፔትና ትሮምቦን) እየጨመሩ ይመጣሉ። ዘፋኙ በወንበዴው እየተደሰተ፣ እየደፈረ፣ እየጮኸ ሄዶ መጨረሻ ላይ ራሱ ማኪት ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህ አዝማሪው አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው። ሰው ግን አለ። አርምስትሮንግ ደግሞ ወንበዴውን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያውቀው የሰፈር ሰው፣ በፈገግታ ያወራልናል። ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1960 እዚያው በርሊን ላይ ስትዘፍነው መሐል ላይ ግጥሙ ጠፋባት፤ ግጥሙ እንደጠፋባት እየዘፈነች፣ አርምስትሮንግን እየመሰለች እስከ መጨረሻው ተወጣችው። ግሩም የመድረክ ጥበብ ነው፣ እርስዎ ግን አይቅዱት፤ ያ የሆነው አንድ ጊዜ ነው፣ ለእሷም ብቻ ነው። ሶኒ ሮሊንስ በ1956 ግጥሙን ጨርሶ ትቶ «ሞሪታት» በሚለው የጀርመንኛ ስሙ በሳክስፎን ተጫወተው፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ ሶሎው ውስጥ ግን የዜማው ቁርጥራጭ እየተመለሰ ይሰማል። ሳክስፎኒስትዎ ሌላ ነገር ከማሰቡ በፊት ይህን ቅጂ በልቡ ይያዘው።

ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። የቲያትር ዘፈን ከሌላው ዘፈን የሚለየው አንድ የተወሰነ ሰው፣ ለአንድ የተወሰነ ሰው፣ በአንድ የተወሰነ ቅጽበት የሚናገረው መሆኑ ነው። ምቱን ይለውጡ፣ ኪውን ይለውጡ፣ ኮርድ ይጨምሩ፣ መሣሪያውን ይቀይሩ፤ ቫይል ይህን ሁሉ ይችለዋል፣ ሕንፃው ጠንካራ ነው። የማይችለው ዘፋኙ ማንም ሳይሆን ሲቀር ነው። መጥፎ የቫይል ቅጂዎችን ደጋግመው ቢያዳምጡ ኮርዳቸው የተሳሳተ ሆኖ አያገኙትም፤ «ቆንጆ የቆየ ዘፈን» ተብሎ የተዘፈነ፣ የሚናገርበት ሰው የሌለው ሆኖ ነው የሚያገኙት። «ደስ እንዳለን እንጫወተው» የሚለው ሐሳብ የሚያደርሰው እዚያ ነው።

ከሁሉ የበለጠውን ምሳሌ የሰጠችን ኒና ሲሞን ናት። «ፓይሬት ጄኒ» በርካሽ ማደሪያ ቤት ብርጭቆ የምታጥብ፣ ሁሉም የሚንቃት ሠራተኛ አንድ ቀን ጥቁር የወንበዴ መርከብ መጥቶ ከተማዋን እንደሚያወድምላት የምታልምበት ዘፈን ነው። በ1928ቱ ተውኔት የምትዘፍነው ራሷ ሠራተኛዋ እንኳ አይደለችም፤ ፖሊ የምትባለው ሙሽራ በሠርጓ ላይ ያቺን ሠራተኛ መስላ ትጫወታታለች። ሲሞን በ1964 መድረክ ላይ ስትዘፍነው ማደሪያ ቤቱን ወደ አሜሪካ ደቡብ ወሰደችው። የጥቁሮች የመብት ትግል በተፋፋመበት ሰዓት አንዲት ጥቁር ሴት ወለል እየወለወለች «ይምጣ መርከቡ» ስትል ታሪኩ ሌላ ቁጣ ሆነ። ከቃላቱ የነካችው ጥቂት ነው። ከበሮው ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር ያንጎደጉዳል፤ እሷ ግን ልትጮኽ በሚገባት ቦታ ድምፅዋን ወደ ሹክሹክታ ታወርደዋለች። ከፒያኒስትዎም ከሳክስፎኒስትዎም ሐሳብ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፦ ዘፈኑን በሚገባ ማወቅ፣ ከዚያ ማን እንደሚዘፍነው እንደ አዲስ መወሰን።

የሮክ ባንዶችም ከዚሁ ምንጭ ቀድተዋል። «አላባማ ሶንግ» በ1927 ሲጻፍ ጀምሮ ግጥሙ ሆን ተብሎ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ ዊስኪ፣ ወንድና ዶላር ፍለጋ የሚሄዱ ሴቶች ይዘፍኑታል። ዘ ዶርስ በ1967 ሲቀዱት ስለ ወንዱ የሚለውን ቃል ወደ ሴት ለወጡት፤ ዘፋኙ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት የሚንከራተት ሰካራም ሆነ። ማርክሶፎን የምትባል በገናን የምትመስል ትንሽ መሣሪያ በመጨመራቸውም የሰርከስ ድምፅ አገኙ። ዴቪድ ቦዊ በ1980 በነጠላ ዜማ ያወጣው የበለጠ የተናጋና ዕረፍት የሌለው ነው፤ እኔ ለዘፈኑ መንፈስ የሚቀርበው እሱ ነው እላለሁ። በ1985 ደግሞ ሃል ዊልነር የተባለው ፕሮዲዩሰር ሉ ሪድን፣ ቶም ዌይትስን፣ ማሪያን ፌይዝፉልን፣ ቻርሊ ሄደንንና ሌሎችን ሰብስቦ አንድ ሙሉ የቫይል አልበም አወጣ። ሁሉም አልተሳካም፤ ግን አንድ ደራሲ ምን ያህል ዓይነት ድምፅ እንደሚሸከም በአንድ ቁጭታ ለመስማት ከዚያ የተሻለ የለም።

ከየትኛው ትጀምሩ ለሚለው፦ በ«ማክ ዘ ናይፍ» አትጀምሩ። አድማጩ ዳሪንን ጆሮው ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ ከእሱ ጋር ስትታገሉ ታመሻላችሁ። በ«ስፒክ ሎው» ጀምሩ። በ1943 ለብሮድዌይ የተጻፈ ነው፤ ፍቅር ቶሎ እንደሚያልፍ፣ ጊዜ ሌባ እንደሆነ እያወቀች ቀስ ብለህ ተናገር የምትል ሴት ናት የምትዘፍነው። ኮርዶቹ ከመነሻው ርቀው ይጀምሩና ወደ ቤት የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ግጥሙ የሚለውን ሙዚቃውም ያደርገዋል። ዋናዎቹ ክፍሎች ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ስድስት ባር ስለሆኑ ሳክስፎኒስትዎ የሚንሸራሸርበት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ቢሊ ሆሊዴይ በ1956 ዘፍናዋለች። ቫይል ራሱ ለልምምድ ብሎ በትንሽ ድምፁ የዘፈነው ቅጂም አለ፤ ያንን መጀመሪያ ያዳምጡ፤ ደራሲው ዘፈኑን ሳያጋንን እንዴት እንደሚናገረው ይሰማሉ።

ሁለተኛ «ማይ ሺፕ»ን ጨምሩ፣ ግን በጥንቃቄ። በ1941 በቀረበው ተውኔት ውስጥ ይህ ዜማ አንዲት ሴት ከልጅነቷ በከፊል የምታስታውሰው፣ ታሪኩ እየሄደ ቁራጭ ቁራጩ ብቻ የሚሰማ፣ ሙሉ ሆኖ የሚዘፈነው መጨረሻው አካባቢ ነው። ማይልስ ዴቪስና ጊል ኢቫንስ በ1957 ያለ ቃል ሲያቀርቡት ውበቱን ጠብቀዋል፤ ያ የመፈለግ ስሜት ግን ከተውኔቱ ሲወጣ በራሱ አይመጣም። ስለዚህ መግቢያው ላይ ፒያኖው የዜማውን መጀመሪያ ብቻ ተጫውቶ ያቋርጥ፣ ሳክስፎኑ ከሌላ ኪ ይሞክረው፣ እርስዎ ከዚያ በኋላ ሙሉውን ይዝፈኑት። «ሴፕቴምበር ሶንግ» ደግሞ በ1938 ለዋልተር ሂውስተን፣ ለተዋናይ እንጂ ለዘፋኝ አልተጻፈም፤ ወጣት ሴት የሚለምን ያረጀ ሰው ነው፣ ጊዜ የለኝም ይላል። ሣራ ቮን በ1954 ከክሊፎርድ ብራውን ጋር፣ ዊሊ ኔልሰን በ1978 ዘፍነውታል። የኔልሰንን እመርጣለሁ፤ ከመዝፈን ወደ መናገር ስለሚጠጋ። ትልቅ ድምፅ ካለዎት እዚህ ዘፈን ላይ ይያዙት፣ አያውጡት።

«ማክ ዘ ናይፍ»ን ሦስት አራት ወር ከተለማመዳችሁ በኋላ አምጡት። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፤ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ፒያኖ ብቻ በደረቁ፣ እንደሚዞር ኦርጋን ያጅብ፤ ኪውን አታንሡ፤ ትልቁን የናስ መጨረሻም እርሱት። እርስዎ አዝማሪ ነዎት፣ ያዩትን ይቆጥራሉ፤ ፊትዎ ላይ ኀዘንም ፈገግታም አይታይ።

ፈቃድን በተመለከተ፦ ሳክስፎኒስትዎ «ባለቤት የለውም» ያለው ስህተት ነው፤ ስታንዳርድ መሆን ከባለቤትነት ጋር አይገናኝም። ቫይል በ1950፣ ብሬሽት በ1956 ነው የሞቱት። በብዙ አገሮች ጥበቃው ከሞት በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ዜማና ግጥሙ አብረው ለተሠሩ ዘፈኖች የሚቆጠረው በመጨረሻ ከሞተው ደራሲ ነው፤ ስለዚህ የቫይልን ዓመት ብቻ ቆጥረው አይወስኑ። አሜሪካ ውስጥ በ1928 የታተሙ ሥራዎች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነጻ ሆነዋል፤ ነገር ግን የብሊትስታይን የ1954 እንግሊዝኛ ግጥም ከዚያ ውስጥ አይገባም፤ በ1938፣ በ1941ና በ1943 የተጻፉት የብሮድዌይ ዘፈኖችም እንዲሁ። አዳራሽ ውስጥ መጫወት አብዛኛውን ጊዜ አዳራሹ በሚከፍለው ፈቃድ ይሸፈናል፤ ባለቤቱን ይጠይቁ። ቀድቶ ማሠራጨት ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ግጥም መለወጥ ወይም ተርጉሞ መዝፈን ከሁሉም ጥብቅ ነው፤ የተቆረጡትን ስንኞች ልመልስ ካሉ በጀርመንኛው ይዝፈኗቸው፣ አለዚያ ፈቃድ ያለው ትርጉም ይፈልጉ። ለቫይል ሥራዎች ሌንያ በ1962 ያቋቋመችው፣ ኒው ዮርክ የሚገኘው የኩርት ቫይል ፋውንዴሽን አለ፤ የመብቱን ባለቤት ለማወቅ ከቀረጻ በፊት ለእነሱ ይጻፉ፤ የምትዘፍኑበትን አገር፣ የዘፈኑን ስም፣ የምትጠቀሙበትን ቋንቋና የቅጂውን ብዛት በደብዳቤው ውስጥ ይግለጹ።